እጅዎን የሚያደነዝዘው አንገትዎ ነው ወይስ የእጅ አንጓዎ?

እጅ ሲደነዝዝ ምክንያት የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። አንዱ «ብርድ ነው» ይላል። ሌላው «ደም አልዘዋወር ብሎ ነው» ይላል። ፋርማሲ ጎራ ሲሉ ደግሞ «ነርቭ ነው» ይባሉና የቢ ቫይታሚን ይዘው ይወጣሉ። ከሦስቱ ወደ እውነቱ የሚጠጋው የመጨረሻው ነው። ግን «ነርቭ ነው» ብሎ ማቆም የትም አያደርስም። ነርቭ ከአንገት ተነስቶ እስከ ጣት ጫፍ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ዋናው ጥያቄ «የቱ ጋ ተያዘ?» የሚለው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያዘው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ አንገት ላይ ነው፤ ነርቩ ከአከርካሪ አጥንቶች መሀል በሚወጣበት ቀዳዳ። ሌላው የእጅ አንጓ ላይ ነው፤ ወደ መዳፍ በሚገባበት ጠባብ ዋሻ። ሁለቱም አውራ ጣትንና ጠቋሚ ጣትን ሊያደነዝዙ ስለሚችሉ በቀላሉ ይምታታሉ። ሕክምናቸው ግን አይገናኝም። አንጓው ላይ የተያዘ ነርቭ አንገት በማሸት አይለቀቅም። ወራት ሙሉ አንገታቸውን ሲታሹ ከርመው፣ በስተመጨረሻ የአውራ ጣታቸው ሥር ያለው ሥጋ ሟሽሾ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱ ሰዎች አሉ። ይህ መሆን የለበትም። ምክንያቱም የመልሱ ትልቁ ክፍል በሽተኛው ራሱ ጋ ነው ያለው። የትኛው ጣት? በስንት ሰዓት? ምን ሲያደርጉ ይብሳል፣ ምን ሲያደርጉ ይተዋል? እነዚህን በደንብ የመለሰ ሰው ግማሹን ምርመራ ጨርሷል።

መንገዱን እንወቅ

አንገታችን 7 አጥንቶች አሉት። በእነሱ መሀል በግራም በቀኝም 8 የነርቭ ሥሮች ይወጣሉ። ሐኪሞች ከሲ1 እስከ ሲ8 ብለው ይጠሯቸዋል። ወደ እጅ የሚወርዱት በዋናነት ከሲ5 እስከ ሲ8 ያሉት ናቸው። የደረት የመጀመሪያው ሥር ቲ1ም አብሯቸው ይሄዳል። እነዚህ 5 ሥሮች ከአንገት እንደወጡ እስከ ብብት ባለው ቦታ ይቀላቀላሉ፣ ይለያያሉ፣ እንደገና ይደባለቃሉ። ከዚያ ሌላ ስም ይዘው ወደ እጅ ይወርዳሉ። ለኛ ጉዳይ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው። ሚዲያን ነርቭ በክንድ መሀል ይወርዳል። አልናር ነርቭ በክርን ጀርባ ዞሮ በትንሿ ጣት በኩል ይወርዳል።

ይህ መደባለቅ ነው ነገሩን የሚያወሳስበው፤ ለመለየት የሚረዳንም እሱው ነው። ከተለያየ ሰፈር የተነሱ ሰዎች ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ወርደው ታክሲ ሲቀይሩ አስቡ። ከአንድ ሰፈር የመጡት ሁሉ አንድ ታክሲ ውስጥ አይገቡም፤ አንዱ ወደ ሳሪስ፣ ሌላው ወደ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። አንድ ታክሲ ውስጥም ከየሰፈሩ የተውጣጣ ሰው ይቀመጣል። አንገት ላይ አንድ ሥር ሲጎዳ ከዚያ ሰፈር የተነሳ ሁሉ፣ በየትኛውም ታክሲ ቢሳፈር፣ ችግር ይገጥመዋል። አንጓ ላይ ነርቭ ሲያዝ ግን አንድ ታክሲ ነው የቆመው። ውስጡ ያሉት ሁሉ፣ ከየትም ሰፈር ቢመጡ፣ አብረው ይቆማሉ። የሐኪሙ ሥራ ማን እንደደረሰና ማን እንደቀረ አይቶ የቆመበትን ቦታ ማወቅ ነው።

አንጓው ላይ ያለው ዋሻ ካርፓል ተነል ይባላል፤ ነርቩ እዚያ ሲያዝ የሚመጣው በሽታም በዚሁ ስም ይጠራል። ወለሉና ግድግዳው ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። ጣሪያው ወፍራምና የማይለጠጥ ጅማት ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ጣቶቻችንን የሚያጥፉ 9 ጅማቶች ያልፋሉ። 10ኛው አላፊ ሚዲያን ነርቭ ነው። ጅማቶቹ ቢያብጡ፣ ውሃ ቢቋጠር ወይም አጥንት ተሰብሮ ቢጣመም ዋሻው አይሰፋም። ስለዚህ የሚጨመቀው ለስላሳው ነርቭ ነው።

የጣቶቹ ምስክርነት

ሚዲያን ነርቭ የሚያገለግለው አውራ ጣትን፣ ጠቋሚ ጣትን፣ መሀል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ነው። የቀለበት ጣት ሌላው ግማሽና ትንሿ ጣት የአልናር ናቸው። ከአንገት ስንነሳ ደግሞ ክፍፍሉ ይለያል። ሲ6 ወደ አውራ ጣትና ወደ ጠቋሚ ጣት ያዘነብላል። ሲ7 ወደ መሀል ጣት ይሄዳል። ሲ8 ትንሿንና የቀለበት ጣትን ይይዛል። አንገት ላይ በብዛት የሚጎዳው ሲ7 ነው፤ ሲ6 ይከተላል።

ሰው ግን ሲጠየቅ ጣት አይቆጥርም። ሐኪም ቤት የሚደረገው ንግግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦

«እማማ፣ የትኛው ጣት ነው የሚደነዝዘው?»

«ኧረ ሁሉም ነው ልጄ፣ እጄ እንዳለ።»

«ትንሿም ጣት?»

እማማ ጣታቸውን አንድ በአንድ ነካ ነካ ያደርጋሉ። «እሷ እንኳን… እሷስ ደህና ናት።»

ይህች «እሷስ ደህና ናት» ብዙ ታወራለች። ትንሿ ጣት ከተረፈች ሚዲያን ነርቭ ዋና ተጠርጣሪ ይሆናል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ከመሄድዎ በፊት እጅዎን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በእርሳስ ይሳሉ። ሲደነዝዝዎ፣ በዚያው ሰዓት፣ የደነዘዘውን ቦታ ያጥቁሩት። ጠዋት ከማስታወስ ሌሊት መሳል ይሻላል። የመዳፉንም የእጁን ጀርባም ለየብቻ ይሳሉ። ሐኪሞች ራሳቸው ይህን ዘዴ ይጠቀሙበታል።

አሁን ወደ ቀለበት ጣት እንምጣ። ለእኔ ከሁሉም በላይ አስተማሪዋ ጣት እሷ ናት። ሁለት ነርቮች መሀሏ ላይ ድንበር ይጋራሉ። ወደ መሀል ጣት ያለው ጎኗ የሚዲያን፣ ወደ ትንሿ ጣት ያለው ጎኗ የአልናር ነው። ዓይንዎን ጨፍነው ሌላ ሰው በጥጥ ጫፍ አንዱን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን ጎን ቀስ አድርጎ ይዳብስልዎ። ጥጡ በአንዱ ጎን እንደ ወትሮው ከተሰማዎ፣ በሌላው ጎን ግን በጨርቅ ላይ እንደሚነኩት ሆኖ ከደበዘዘ፣ ጣቷ ለሁለት ተከፍላለች ማለት ነው። እንዲህ መሀል ለመሀል የሚከፍላት ብዙውን ጊዜ ከአንገት በታች ያለ የነርቭ ችግር ነው። የአንገት ሥር ሲጎዳ ጣቷን በሙሉ ነው የሚያደበዝዘው እንጂ ቀጥ ያለ ድንበር አያሰምርም።

ሌላ ጥሩ ምልክት መዳፍ ላይ አለ። ሚዲያን ነርቭ ዋሻው ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ይለቃል። ቅርንጫፉ ከዋሻው ጣሪያ በላይ አልፎ በአውራ ጣት ሥር ያለውን የመዳፍ ቆዳ ያገለግላል። ስለዚህ በካርፓል ተነል ጣቶቹ ሲደነዝዙ ይህ ቆዳ ደህና ይሆናል። እሱም ከደነዘዘ፣ ወይም ድንዛዜው ከአንጓው አልፎ ወደ ክንድ ቆዳ ከወጣ፣ ከፍ ያለ ቦታ መፈለግ ይጀመራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይሳሳቱ። የምንናገረው ስለ ድንዛዜ ነው እንጂ ስለ ሕመም አይደለም። የካርፓል ተነል ሕመም ወደ ላይ፣ እስከ ክርን አንዳንዴም እስከ ትከሻ ሊወጣ ይችላል። «ትከሻዬን ያመኛል፣ ስለዚህ ከአንገት ነው» የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል። ሕመም ይዞራል። የቆዳው መደንዘዝ ግን የነርቩን ካርታ ይከተላል።

ሰዓቱስ?

ሌሊት 8 ሰዓት ወይም 9 ሰዓት ላይ እጅ ነድዶ፣ ጣት ተወጥሮ፣ ወርሮ የሚቀሰቅስ ከሆነ አንጓውን ይጠርጥሩ። ስንተኛ አንጓችንን ሳናውቀው እናጥፋለን። ስንጋደም ደግሞ ቀን ወደ እግር የወረደው ፈሳሽ ወደ ላይኛው አካል ይመለሳል። ሁለቱም በዋሻው ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምራሉ። የተቀሰቀሰ ሰው የሚያደርገው ነገር ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ ከአልጋው ተነስቶ እጁን ውሃ እንደሚያራግፍ ያራግፋል። ጥቂት ሲያራግፍ ይለቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ፕራይስ ፊሊፕስ የተባሉ ሐኪም ይህን ማራገፍ እንደ ምርመራ ምልክት ጽፈውታል። አሁንም ሐኪሞች «ሌሊት ሲቀሰቅስዎ ምን ያደርጋሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ሳይነግሯቸው በሽተኛው ራሱ እጁን ካራገፈ ብዙ ተረዱ ማለት ነው።

ቀን ላይም የራሱ ልማድ አለው። ስልክ ይዞ ማውራት፣ መሪ ጨብጦ መንዳት፣ ሹሩባ መሥራት፣ ልብስ ማጠብና መጭመቅ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ሕፃን አቅፎ ማጥባት ያስነሱታል። ኑሮዋ በእጇ ጉልበት የሆነ ሴት፣ አዲስ አበባም ትሁን ቤሩት ወይም ዱባይ፣ ይህን ሕመም በደንብ ታውቀዋለች። በነገራችን ላይ በሽታው ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። በእርግዝና፣ በስኳር በሽታ፣ በታይሮይድ እጢ መድከም፣ በሪህማቶይድ የመገጣጠሚያ በሽታና በውፍረትም ይጨምራል። ሁለቱም እጅ ላይ ሊመጣ ይችላል።

የአንገቱ ባሕርይ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ በአንገትና በትከሻ አጥንት አካባቢ በሚሰማ ሕመም ይጀምራል። ከዚያ እንደ ኤሌክትሪክ እየነዘረ በክንድ ይወርዳል። አንገት ሲንቀሳቀስ ይለዋወጣል። ቀና ብሎ ጣሪያ ማየት፣ ወደታመመው ጎን መዞር፣ ማሳልና ማስነጠስ ያባብሱታል። እጅን ማራገፍ አይረዳውም።

አሁን ቤትዎ ሆነው ልታዩት የምትችሉት አንድ ግሩም ነገር አለ። እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ። የአንገት ሥር ተይዞባቸው የሚሰቃዩ ብዙ ሰዎች የታመመውን እጅ አናታቸው ላይ አስቀምጠው ይቀመጣሉ። ማንም አላስተማራቸውም። እጁ ሲነሳ የተወጠረው ሥር ስለሚላላ ሕመሙ ይቀንስላቸዋል። አንጓው ላይ የተያዘበት ሰው ግን ተቃራኒው ይደርስበታል። እጁን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ እስከ 2 ደቂቃ ቢይዝ ድንዛዜው ይመጣበታል። ያው አንድ እንቅስቃሴ አንዱን ያሳርፋል፣ ሌላውን ያስነሳል። በሁሉም ሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ሲሠራ ግን ጥሩ ፍንጭ ነው።

ሐኪሙ ሲነካካዎ ምን እየፈለገ ነው?

የእጆችን ጀርባ አጋጥሞ፣ አንጓን አጥፎ ለ60 ሰከንድ መያዝ ፋለን የሚባለው ምርመራ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስቱ ጣቶች መውረር ከጀመሩ አንጓው ተጠርጣሪ ነው። ዋሻው ላይ በአውራ ጣት ለ30 ሰከንድ መጫንም አለ። በጣት መታ መታ አድርጎ ወደ ጣቶች የሚነዝር ነገር መኖሩን ማየት ደግሞ ቲኔል ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1915 ስለ ነርቭ ጉዳት ከጻፉት ፈረንሳዊ ሐኪም ከዡል ቲኔል ነው። ለአንገት የሚደረገው ስፐርሊንግ ነው፤ አንገትን ወደታመመው ጎን አዘንብሎ ወደ ታች ቀስ ብሎ መጫን። ይህን ግን ቤት ውስጥ ማንም አይሞክርልዎ። ለሐኪምና ለፊዚዮቴራፒስት ይተዉት።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔ የማምነው የጉልበት ምርመራውን ነው። የታክሲውን ነገር ያስታውሱ። አውራ ጣቱ የደነዘዘ ሰው መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ እጁን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ። አውራ ጣቱን ወደ ጣሪያ ቀጥ አድርጎ ያንሳ። እርስዎ ወደ ታች ይጫኑት። በቀላሉ ከወደቀ ሚዲያን ነርቭ ደክሟል። አሁን ሁለተኛውን ይሞክሩ። ክርኑን አጥፎ እንዲይዝ፣ ከዚያም አንጓውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ እንዲይዝ ያድርጉና ይግፉት። እነዚህን ጡንቻዎች ሚዲያን ነርቭ አያዛቸውም። ሲ6 ግን ያዛቸዋል። እንግዲህ አውራ ጣት ደንዝዞ የአውራ ጣት ማንሻው ከደከመ ጣቱ የሚያመለክተው ወደ አንጓው ነው። አውራ ጣት ደንዝዞ ክርን ማጠፍና አንጓ ማንሳት ከደከመ ግን ወደ አንገት ነው። መሀል ጣት ደንዝዞ ከወንበር በእጅ ተደግፎ መነሳት ካቃተ፣ ክርንን የሚዘረጋው ጡንቻ ደክሟልና ሲ7 ይጠረጠራል። ሐኪሙ በመዶሻ ክርንዎን የሚመታውም ለዚሁ ነው። በአንገት ሥር ጉዳት የጡንቻው መልስ ሊጠፋ ይችላል። በካርፓል ተነል አይጠፋም።

ትንሿ ጣት ስትደነዝዝ ታሪኩ ይቀየራል። ያኔ ካርፓል ተነል ዋና ተጠርጣሪ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ክርን ላይ ነው፤ ስንጋጭ እስከ ጣት የሚነዝረን ያ ቦታ። ክርን አጥፎ ስልክ ጆሮ ላይ መያዝ፣ ክርንን መስኮት ላይ ደግፎ መንዳት፣ እጅ አጥፎ መተኛት ያብሱታል። የእጅ ጀርባም በትንሿ ጣት በኩል ከደነዘዘ ክርን ወይም ከዚያ በላይ ነው። ምክንያቱም ያንን ቆዳ የሚያገለግለው ቅርንጫፍ አንጓው ጋ ሳይደርስ ይለያል። ድንዛዜው በክንድ ውስጠኛ ጎን ወደ ክርን ከወጣ ደግሞ ሲ8 ወይም ቲ1 መታየት አለባቸው።

ማሽኖቹ የሚሉትና የማይሉት

ብዙ ሰው «ኤምአርአይ ልነሳና ይለይልኝ» ይላል። ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት ይህን ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ የጃፓን ጥናት ምንም ሕመም የሌላቸው 1,211 ሰዎች የአንገት ኤምአርአይ ተነሱ። ከ100ው 88 ያህሉ ዲስካቸው፣ ማለትም በአንገት አጥንቶች መሀል ያለው ለስላሳ ትራስ፣ ያበጠ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ጤነኞች ነበሩ! ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ዲስክ ወጥቷል» ተብሎ መጻፉ እጅዎን የሚያደነዝዘው ያ ዲስክ ነው ማለት አይደለም። ኤምአርአይ የሚጠቅመው የጣቶቹ ካርታ፣ የጉልበቱ ምርመራና ፎቶው አንድ ሥር ላይ ሲገጥሙ ነው።

የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ሌላ ነው። ጣት ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰጥና ምልክቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ይለካል። አንጓው ላይ ከተያዘ ምልክቱ እዚያ ላይ ይዘገያል። አንገት ላይ ሲሆን የሚገርም ነገር ይከሰታል፤ ጣቱ ደንዝዞ ሳለ የስሜት ነርቩ ልኬት ደህና ይወጣል። ይህ የማሽን ስህተት አይደለም። የስሜት ነርቭ ሕዋስ አካል የሚገኘው ከኅብለ ሰረሰር ወጣ ብሎ ነው። የአንገት ዲስክ የሚጎዳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሕዋሱ ወደ ውስጥ ያለውን ክፍል ነው። ከሕዋሱ እስከ ጣት ያለው ገመድ ስላልተነካ ማሽኑ «ደህና ነው» ይላል። ወደ አእምሮ የሚሄደው መንገድ ግን ተዘግቷል። ስለዚህ «ነርቭህ ደህና ነው» የተባለ ሰው ሕመሙን ፈጠረው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ወደ አንገት የሚያመለክት ነገር አግኝቷል። ጡንቻ ውስጥ በቀጭን መርፌ የሚደረገው ኢኤምጂ ቀሪውን ሊያሟላ ይችላል።

ሁለቱም አንድ ላይ ሊኖሩ እንደሚችሉም አይርሱ። እ.ኤ.አ. በ1973 አፕተን እና ማኮማስ የተባሉ ሐኪሞች፣ አንገት ላይ የተጎዳ ነርቭ አንጓ ላይ በቀላሉ ይጎዳል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ግን አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ መቻሉ ነው። የአንጓ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ግማሽ ብቻ የተሻለው ሰው አንገቱ ቢታይ ጥሩ ነው።

ከሁለቱም ያልሆነ ሲመጣ

ሁለቱም እግሮች ቀድመው ደንዝዘው፣ ከዚያ እጆች ከተከተሉ ጉዳዩ የአንድ ቦታ መያዝ አይደለም። ስኳር፣ የቢ12 እጥረት፣ ብዙ አልኮል ይታያሉ። ለስኳር ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው አይሶኒያዚድም ነርቭ ይጎዳል፤ ቢ6 አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ቢ ቫይታሚን እጥረቱ ላለበት ሰው መድኃኒት ነው። ዋሻ ውስጥ ወይም አንገት ላይ የተጨመቀ ነርቭን ግን አይለቅም። ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ራሱ ነርቭ ያደነዝዛል። ሳይመረመሩ ወራት ሙሉ መወጋት ይቅር።

በአገራችን ሐኪም መርሳት የሌለበት ሌላ ነገር ሥጋ ደዌ ነው። አልናር ነርቭን ክርን ላይ ማጥቃት ይወዳል። ቆዳ ላይ ደብዘዝ ያለ፣ ሲነኩት ስሜት የሌለው ምልክት ካለ፣ ወይም እጅ በምጣድ ተቃጥሎ ሳይታወቅ ከቀረ፣ ቶሎ መታየት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፣ ያድናል። አዲስ አበባ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለዚሁ በሽታ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ግን እባክዎ ሁለቴ ያንብቡት። ድንዛዜው በድንገት መጥቶ ፊት ከጠመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ ወይም የአንድ ጎን እግርና እጅ ከከዳ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። የግራ እጅ ድንዛዜ ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ልብ ነው ብለው ይነሱ። ለሁለቱም ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፣ ያውም ወዲያው። ሁለቱም እጆች ተሳስረው ቁልፍ መቆለፍና መጻፍ ካቃተ፣ አካሄድ ከተንገዳገደ፣ አንገት ሲያጎነብሱ ጀርባ ላይ ኤሌክትሪክ ከነዘረ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረ ደግሞ ኅብለ ሰረሰር ራሱ እየተጨመቀ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳምንታት አይጠብቅም። እንዲህ ያለ ሰው አንገቱን ፀጉር ቤት እንዲያስጠመዝዝ ወይም ለወጌሻ እንዲሰጥ ፈጽሞ መፍቀድ የለብንም።

ከለየን በኋላ

አንጓው ከሆነ መጀመሪያ የሚሞከረው ርካሽ ነገር ነው። ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ፣ ስፕሊንት የሚባለው። ከፋርማሲ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ብረት እጅን ወደ ላይ ቀና ያደርጋል። ብረቱን አውጥተው ቀጥ ያድርጉት። ዋሻው ሰፊ የሚሆነው አንጓ ቀጥ ሲል ነው። 6 ሳምንት ያህል በየሌሊቱ ያድርጉት። ይህ ሙከራ በራሱ ምርመራ ነው፤ በድጋፉ ሌሊቱ ሰላም ከሆነ ነርቩ የት እንደተያዘ ነገረዎ። ነፍሰ ጡር ላይ የመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይተዋል። ካልሆነ የስቴሮይድ መርፌ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ያሳርፋል። ስኳርና ታይሮይድም በደም ይታዩ።

አንገት ከሆነ ደግሞ ትዕግሥት ያዋጣል። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻለዋል። የወጣ ዲስክ ብዙ ጊዜ በራሱ ይሟሟል። በሐኪም የታዘዘ የሕመም ማስታገሻ፣ ቀለል ያለ እንቅስቃሴና ፊዚዮቴራፒ ይረዳሉ። የአንገት ማቆሚያ ለብዙ ሳምንት ማሰር ጡንቻውን ያደክማል እንጂ አያድንም። ጉልበት እየቀነሰ ከሄደ ግን ትዕግሥቱ ያበቃል።

ለአንጓውም የጊዜ ገደብ አለው። ሁለቱን መዳፎች ጎን ለጎን አድርገው በአውራ ጣት ሥር ያለውን ወፍራም ሥጋ ያወዳድሩ። አንዱ ጎድጎድ ብሎ ከታየ፣ ወይም ድንዛዜው ሌሊትና ቀን ሳይለይ አልለቅም ካለ፣ ስፕሊንት ላይ መቆየት አይገባም። ቀዶ ሕክምናው የዋሻውን ጣሪያ ቆርጦ ማላቀቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ እጅ ብቻ በማደንዘዣ ደንዝዞ በአጭር ጊዜ ይሠራል። የሌሊቱ ስቃይ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይተዋል። ድንዛዜው ለመልቀቅ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የሟሸሸው ሥጋ ግን እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል።